ሰባተኛው ኩርባ

«አየሽው?» አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልምምዱ እንዳበቃ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪያችን ሄልሜቱን አውልቆ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ፊቱ በላብ ርሷል፣ ግን ፈገግ ብሏል። እኔ ላፕቶፑ ላይ የውድድር ሜዳውን ሰባተኛ ኩርባ መረጃ ከፍቼ አፍጥጬ ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ካየሁት ቆየሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።»

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። «ምኑን ነው ለማንም ያልተናገርሽው?»

ያን ጊዜ ነው ጣቱን ያየሁት። የሚያመለክተው ወደ ሞተር ሳይክሉ ነበር። የነዳጅ ታንኩ ላይ የስድስት ዓመት ልጁ የሳለችው ሥዕል ተለጥፏል፤ አራት ማዕዘን ጎማ ያለው ሞተር ሳይክል፣ በላዩ ጆሮው ከሄልሜቱ የሚበልጥ ሰውዬ። ጠዋት ነው የለጠፈው። አየሽው ያለኝ እሱን ኖሯል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የተማርኩት ፊዚክስ ነው፤ ቡድኑን የተቀላቀልኩት የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ነው። ሞተር ሳይክሉ ላይ የተገጠሙ ትንንሽ መሣሪያዎች ፍጥነቱን፣ ፍሬኑን፣ ጋዝ የት እንደተሰጠና የት እንደተለቀቀ ይመዘግባሉ። ያ ሁሉ የእኔ ላፕቶፕ ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ሰውን ከማናገር መስመር ማንበብ ይቀለኛል። ቡድናችን አንድ የጭነት መኪና፣ አንድ ድንኳንና አራት ሰው ነው፤ አለቃችን፣ መካኒካችን ጋሼ፣ እኔና ተወዳዳሪያችን። ተወዳዳሪያችንን ጭልፊት እንለዋለን፤ ከፊቱ ያለው ተወዳዳሪ ላይ ኩርባ ጠብቆ ስለሚወርድበት።

በሦስተኛው ውድድር ላይ ጭልፊት ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ፈጣን ኩርባ ወደቀ። ሞተር ሳይክሉ ግንቡን መትቶ ተበታተነ። እሱ አሸዋው ላይ ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ ተነሳ። የተላጠው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። «ሞት እንኳ ሮጦ አልደረሰብህም» አሉት ጋሼ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ግን በየሄድንበት ሜዳ፣ ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ፈጣን ኩርባ ላይ፣ ከድሮው አርባ ሜትር ቀድሞ ጋዙን ይለቃል፤ እዚህ ሜዳ ላይ ሰባተኛው ኩርባ ነው። መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሽቶ መስሎኝ በሌላ ቀየርኩት። አርባ ሜትር ነው። እሱ «የፊት ጎማው ከሥሬ ይሸሻል» ይላል። መስመሩ ላይ ግን የሚሸሽ ጎማ የለም። ቀድሞ የሚሸሸው እጁ ነው።

ጋሼ ያመኑት እሱን ነው። አስራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ለምን አያምኑትም? የፊት ጎማውን የሚሸከመውን ሾክ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ፈቱት። ሞላውን ቀየሩ፣ ዘይቱን ቀየሩ፣ እንደገና ቀየሩ። ሐሙስ ዕለት አለቃችን እስከ እሑዱ ውድድር ችግሩ ካልተገኘ ለቀሩት ውድድሮች ሌላ መካኒክ እንደሚያመጣ ነገራቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ንጹሕ የነበረ ቁልፍ አንስተው በቤንዚን ያጥቡ ጀመር።

ጭልፊት ስለ እጁ እንደተናገርኩ ገባው፤ የጎማዎቹ ክምር ላይ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከአራተኛው ውድድር።»

«ሦስት ወር? አንቺን ነበር ምስጢር ጠባቂ አድርጎ መቅጠር!» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ስሚኝ። ለጋሼ እንዳትነግሪ። እሳቸው ካወቁ አለቃው ያውቃል፤ አለቃው ካወቀ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ የለኝም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ሌላ ምን እችላለሁ? ደግሞ ያልፋል። በየዙሩ አሁንስ አልለቅም እላለሁ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ዝም እል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ያደረግኩትም ይህንኑ ነው።

«ጋሼ መነጽር ቀይረዋል» አልኩት።

«አይቼዋለሁ። ጉጉት መሰሉ ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ።»

«ብሎን አሳስቼ እያጠበቅኩ ይሆናል ብለው ነው የቀየሩት። ባለፈው ሳምንት እጃቸውን ዘርግተው፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እዪልኝ አሉኝ።»

«ይንቀጠቀጣል?»

«አይንቀጠቀጥም።»

ከድንኳኑ ወዲያኛው ጫፍ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ሾኩን ለሃያኛ ጊዜ መፍታት ጀምረው ነበር። ጭልፊት ለጥቂት ጊዜ አዳመጠና ተነሳ፤ በጭንቅላቱ ተከተይኝ የሚል ምልክት ሰጠኝ። ላፕቶፑን ታቅፌ ተከተልኩት።

«ጋሼ፣ ይተዉት።»

«ዞር በል፣ ብርሃኑን ከለከልከኝ። ዛሬ ከዚህ ድንኳን ወይ ይሄ ሸረኛ ሾክ ይወጣል ወይ እኔ።»

«ሾኩ ምንም አልሆነም።»

«አንተ አይደለህ ይሸሻል ያልከኝ?»

«ዋሸሁዎት» አለ ጭልፊት። «ፈርቼ ነው። ከወደቅኩ ጀምሮ እፈራለሁ።»

ላፕቶፑን የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ አስቀምጬ ሁለቱን መስመሮች አሳየኋቸው፤ ሰማያዊው ከመውደቁ በፊት፣ ቀዩ ከወደቀ በኋላ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ወደ መስመሮቹ ተጠጉ። ቁልፉን ከእጃቸው አላስቀመጡም።

«ሃያ ጊዜ!» አሉ በመጨረሻ። «ሃያ ጊዜ ስፈታ ቆመህ ታየኛለህ?»

«አስራ ዘጠኝ» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

«አንቺ ደግሞ! ዝም አይነቅዝም ሲሉሽ አምነሽ ነው? እኔ እዚህ ስነቅዝ አላየሽም?»

«ይቅርታ ጋሼ» አልኩ።

ወደ ጭልፊት ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጠዋት የልጅህን ሥዕል ስትለጥፍ አላየኸኝም እንጂ፣ መኪናው ኋላ ሄጄ ቆሜ ነበር። ይቺ ልጅ አባቷን የምታጣው በእኔ እጅ ነው ብዬ።»

ጭልፊት የጓንቱን ስፌት ይነካካ ጀመር። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ጋሼ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ ወረወሩለት፤ ሲጠርግበት ከግንባሩ እስከ አገጩ በጨርቁ ግራሶ ቅባት ጠቆረ። ጋሼ አይተውት አልቻሉም፣ በሳቅ ፈነዱ። እሱም ጥቁሩን በእጁ ነክቶ ሲያየው ሳቀ።

«በል እንግዲህ» አሉ ሳቃቸውን ጨርሰው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አለቃው ጋ አብረን እንሂድ።»

«ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«ቢያንስ ፊትህን ታጠብ። በዚህ መልክህ ሌላ መካኒክ ተገኘ ብሎ እንዳይቀጥርህ።»

ፊቱን ሳይታጠብ ላፕቶፔን በብብቱ ይዞ ሄደ። ጋሼ ሾኩን መልሰው ይገጥሙ ጀመር። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ሞላው እንዴት እንደነበረ ጠየቁኝ፤ ከማስታወሻዬ ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው፤ እንደዚያው አደረጉት።

እሑድ ጭልፊት ሃያ ሁለቱንም ዙር ሰባተኛው ኩርባ ላይ ቀድሞ ጋዙን እየለቀቀ ጨረሰ፤ አስራ አንደኛ ወጣ። አለቃችን ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተወዳዳሪ እንደሚፈልግ ነገረው፤ የቀሩትን ሦስት ውድድሮች እንዲጨርስ ተስማሙ። ሌላ መካኒክ አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ጋሼ የድሮውን መነጽራቸውን አድርገው መጡ፤ ድንኳኑን አፍርሰን መኪናው ላይ ጫንን።