ናይሮቢ ስንት ገባ

ቀናው ወደ ታጁ ሻይ ቤት ሲገባ ቃሊቲ ኬላ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ሞተሩን ያጠፋለታል ይባል ነበር። ነገሩ ትንሽ ተጋንኗል፤ የሚያጠፉት ግማሾቹ ብቻ ናቸው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ግን ጨዋታ እንደሚቆም፣ ከግድግዳው ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበርም እንደምትለቀቅለት የሚክድ የለም።

ቀናው የቦቴ ሾፌር ነው። ከአሰብ ነዳጅ ጭኖ፣ የሚሌን በረሃ አቋርጦ አቃቂ ያራግፋል። በዚያ መንገድ ከመመላለሱ ብዛት የአስፋልቱን ግማሽ በጎማው ተሸክሞ ወደ ቤቱ አስገብቶታል። ዕድሜ ልኩን መሪ ሲያንቀጠቅጠው የኖረ መዳፉ ደንዝዟል። ሌላው ሰው የብርጭቆውን አፍ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ እፍ እፍ ሲል፣ እሱ ከእሳት የወረደ ሻይ አንገቱን አንቆ ይይዛል። ሰዎች ይህን ጀግንነት አድርገው ያወሩለታል። እሱም አላስተባበለም።

የተከበረው ግን በመዳፉ አልነበረም። ታጁ ቤት ልማድ አለ፤ ከሩቅ የመጣ ሾፌር ከመቀመጡ በፊት የመጣበትን አገር የቤንዚን ዋጋ ይናገራል። ከሞያሌ የመጣው የሞያሌን፣ ከመተማ የመጣው የመተማን ይላል። ከብዙ ዓመት በፊት አንዱ ቀናውን «ጅቡቲስ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ቀናው ጅቡቲን አያውቃትም። አፉ ግን ቀደመውና አንድ ዋጋ ጠራ። ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ታጁም የሻዩን ሂሳብ ሳይቀበለው ቀረ። በሚቀጥለው ጉዞ ሞቃዲሾ ተጨመረች፤ ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ ናይሮቢ። አሰብ ላይ ባሕሩን አይቶ ከመመለስ በቀር የሰው አገር አፈር ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ የአራት አገር ቤንዚን በምላሱ የሚወጣና የሚወርድለት ሆነ። ዋጋቸውን የሚቆርጠው ኮምቦልቻ ላይ ጎማው እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ነው። አንድ ደንብ ብቻ ነበረው፤ የጎረቤት አገር ቤንዚን ሁልጊዜ ከእኛ ይወደዳል። ሰዉ ሻዩን ጠጥቶ፣ ለኬንያ አዝኖ፣ በራሱ ተጽናንቶ ይበተናል።

የካቲት ስድሳ ስድስት ላይ የእኛው ቤንዚን ብድግ አለ። ማደያው በር ላይ የቆመው ሰልፍ ጭራው ደብረ ዘይት ደርሶ፣ ቦታ አጥቶ ተመለሰ። ባለታክሲዎች መከሩና ሰኞ ማንም እንዳይነዳ ተስማሙ። ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው ተሰማ ነው፣ የቀናው ሚስት የአሰጋሽ ታናሽ ወንድም። እሱና እህቱ ከእናታቸው የወረሱትን በሰቃ የሚገኝ መሬት ሸጠው አንዲት ሴይቼንቶ፣ ትንሽ የፊያት ታክሲ፣ ገዝተዋል። ከአቃቂ ለገሀር ትሠራለች፤ ሁለቱም ቤት የሚበላው ከእሷ ጎማ ሥር ነው።

እሑድ ምሳ ላይ አሰጋሽ የባሏን ትሪ አቅርባ ሳትቀመጥ ቀረች።

«ቀናው።»

«እ።»

«ተሰማ ነገ እወጣለሁ እያለ ነው። የወጣ መኪና በድንጋይ ይወገራል እየተባለ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ባንተ ወሬ ነው የሚወጣው። ጎረቤት አገር እጥፍ እየከፈሉ ይሠራሉ፣ እኛ በምን አፋችን እናኮርፋለን ይላል። ከአሰብ አልፎ አያውቅም ብዬ ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እትዬ፣ አንቺ ከአቃቂ ድልድይ አልፈሽ ታውቂያለሽ?›»

ቀናው ሊስቅ አሰበና ረሳው።

«መኪናዋ የእናቴ መሬት ናት» አለች። «ሌላ የለንም። አንተ ካልነገርከው የሚያስቀረው የለም።»

«እነግረዋለሁ።»

ይህን ሲል ውስጡን ዳበሰ። ፍርሃት አለ እንደሆን ፈለገ፤ ሰው የተቀደደ ኪስ ውስጥ እጁን እንደሚሰድ። ምንም አልነበረም። እንጀራውን ቆርሶ በላ።

ከሰዓት በኋላ ታጁ ቤት ሲደርስ የአቃቂና የቃሊቲ ሾፌር በሙሉ እዚያ ነበር፤ ያልገባው በመስኮት አንገቱን አስገብቷል። ወንበሯ ተለቀቀች። ታጁ ሻይ አስቀመጠለት።

«ጋሽ ቀናው» አለ በዛብህ፤ ባለታክሲዎቹን ወክሎ የሚናገረው እሱ ነው። «ዛሬ ለጨዋታ አይደለም የምንጠይቅህ። ነገ ለምን ቆማችሁ ሲሉን የምንመልሰው እንፈልጋለን። የእኛው ከጨመረ ወዲህ ጎረቤት አገር ከእኛ ይረክሳል፤ አይደለም እንዴ?»

«ይወደዳል እንጂ» አለ ተሰማ ከጥግ። «ናይሮቢ በእኛ ገንዘብ ሁለት ብር ከስሙኒ ነው። ባለፈው እሑድ እዚችው ወንበር ላይ ሆኖ ነው የነገረን።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ሳልጠየቅ ልንገርህ ብዬ ነው። ሰዉ ያን ያህል እየከፈለ ይነዳል፤ እኛ ግማሹን ከፍለን ሙሾ እናወርዳለን። እኔ ነገ እወጣለሁ።»

«ከወጣህ መኪናህን ተሸክመህ ነው የምትመለሰው።»

«ሴይቼንቶ ምን ትከብዳለች» አለ ታጁ ብርጭቆ እያጠበ። «በአንድ ትከሻ ናት።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ተሰማ አልሳቀም። ወደ ቀናው ዞረ።

«ጋሼ፣ አንተው ንገራቸው።»

ቀናው ብርጭቆውን አንቆ ይዟል። ነገሩ ቀላል እንደሆነ ያውቃል። ይረክሳል ቢል በዛብህ ደስ ይለዋል፣ ተሰማም ቤቱ ይውላል። አላውቅም ቢል እንኳ ይበቃል፤ አጭር ቃል ናት። ሐፍረት ይዞት እንደሆነ ፈለገ፤ እሱንም አጣው። የተሰማን ፊት አየ፣ ያችን በየቀኑ በጨርቅ የሚያብሳትን መኪና በመስኮት አየ፣ የአሰጋሽን ድምፅ አስታወሰ። ሁሉም በመኪና የኋላ ማሳያ መስተዋት ውስጥ እንደሚታይ መንገድ ነበር፤ አለ፣ ግን ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ከዚያ አፉ ተከፈተ፤ ቦቴው የለመደውን ጠመዝማዛ ሾፌሩ ሳያስበው እንደሚታጠፈው።

«ሁለት ብር ከስሙኒ» አለ። ሻዩን ፉት አደረገ። «ጅቡቲማ ከዚያም ይብሳል።»

በዛብህ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። በር ላይ ቆም ብሎ፣ «እግዜር ይስጥህ» አለው። ከዚያ በፊት ይህን ቃል እንደዚያ ባለ ድምፅ ያለው ሰው የለም።

ተሰማ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠና ትከሻውን ነካው። «አየህ» አለ፣ «ያላየ ሰው ብዙ ያወራል።»

ማታ አሰጋሽ «ነገርከው?» አለችው። ቀናው ጫማውን እየፈታ፣ «ተነጋገርን» አላት። አሰጋሽ ጫማውን አየች፣ ፊቱን አየችና መብራቱን አጠፋች።

ሰኞ ጠዋት አቃቂ ከተፈጠረች ወዲህ እንደዚያ ዝም ብላ አታውቅም። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ጡሩንባ ሲጮህ ሠራተኛው በእግሩ እየተግተለተለ በድልድዩ ላይ አለፈ። አንድ ክላክስ ብቻ ጮኸ። ቀናው መፋቂያውን ይዞ ደጅ ቆሟል። ሰማያዊና ነጯ ሴይቼንቶ ታጥባ፣ ተወልውላ መጣች፤ ፀሐይዋ ራሷ ከጣሪያዋ ላይ የወጣች ትመስላለች። ተሰማ እንደ ልማዱ የእህቱ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ቀዝቀዝ አደረገ። ቀናው እጁን አነሣ። ለማስቆም ይሁን ለሰላምታ ራሱም አላወቀም። ተሰማ ሰላምታ ነው ብሎ ፈገግ አለና ማርሽ ቀየረ።

አሰጋሽ ከበሩ ጀርባ ሆና አይታለች። ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ዳር ወጣችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቀናው ገብቶ ሊተኛ ሞከረ፤ እንቅልፉም እሺ አለው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰው ሲንጫጫ ነቃ። መኪናዋን ከሳሪስ ጀምረው እየገፉ አምጥተዋታል። የቀራት መስተዋት የለም። ጣሪያዋ ገብቷል፣ አንዱ በሯ በገመድ ታስሯል፣ የፊት መብራቶቿ ወጥተው በሽቦ ተንጠልጥለዋል። ከኋላ ከሚገፉት አንዱ በዛብህ ነው፤ ላቡ ሸሚዙን አጣብቆታል። ተሰማ መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

«ከመንገድ ላይ አንሥተን ነው» አለ በዛብህ ማንንም ሳያይ። «ታክሲ ናት፤ የትም አትጣልም።» ከዚያ ጓደኞቹን ይዞ ሄደ።

አሰጋሽ አላለቀሰችም። ወንድሟን በእጇ ደግፋ አወረደችና ከቤታቸው አጠገብ ባለው ታጁ ሻይ ቤት ደጅ፣ አንዲት አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ታጁ ውኃ አመጣ። ግንባሩ ተጭሯል እንጂ የከፋ ነገር የለበትም፤ ፀጉሩና ኮሌታው ግን በመስተዋት ስባሪ ተሞልቷል። ቀናው መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። ሌላ የሚሠራው ስላልታየው ከኮሌታው ላይ ስባሪውን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር።

አንድ የጭነት መኪና ኬላው ላይ ቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም።

«ጋሼ» አለ ተሰማ በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ናይሮቢ ስንት ነበር ያልከው?»

አሰጋሽ ቀና አለች። ታጁም ባዶውን ጆግ እንደያዘ ቆመ። ተሰማ ግን ወደ መኪናዋ ነበር የሚያየው፤ በጣም የደከመ ሰው አልጋው የት እንዳለ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀው።

«ጨምሯል» አለ ቀናው።

«ስንት ገባ?»

«ሦስት ብር።»

ተሰማ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ብር» አለ። «ሦስት ብር እየከፈሉ ይሠራሉ።» ትንፋሹ ረጋ፤ ጀርባውንም ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

ታጁ ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ። አሰጋሽ የባሏን እጅ ልብ ብላ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ስባሪው ሌባ ጣቱን ሰንጥቆት ደሙ እስከ ክርኑ ወርዷል፤ እሱ ግን አሁንም ይለቅማል። ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደች። እጁን ሳብ አድርጋ ጠቀለለችው፤ አጥብቃ፣ እስኪያመው ድረስ፣ የሚያመው ቢሆን። እሱ ያን እጁን ለእሷ ትቶ በሌላኛው መልቀሙን ቀጠለ።

«ካርቱምስ?» አለ ተሰማ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ካርቱምማ…» አለ ቀናው፣ ጀመረም።