ምስጉኑ የሔራን አባት

ደብዳቤውን ከልጃችን ከሔራን ደብተር መሐል ያገኘችው ባለቤቴ ሠናይት ናት። «የተማሪ ሔራን ጌታሁን አባት ምስጉን ወላጅ ሆነው ስለተመረጡ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት እንዲገኙ» ይላል። ጌታሁን እኔ ነኝ! እውነቱን ለመናገር የትምህርት ቤቱን ደጅ ረግጬ አላውቅም። ከአረርቲ ጤፍ እያመጣ ደብረ ብርሃን የሚሸጥ ሰው መቼ ጊዜ አለው? አምና ልጅቱ «አባዬ፣ ወላጅ አምጪ ተባልኩ» ስትለኝ፣ «ወዲያ! ማንንም ይዘሽ ሂጂ» ብዬ ነው የሸኘኋት። ግን ሰው ባይሄድ ስሙ ይሄዳል፤ ዝናዬን ሰምተው ይሆናላ!

ሔራን ደብዳቤው እጄ ላይ ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ።

«አባዬ፣ ባትመጣስ? ሥራ አለብህ...»

«አንቺ ደግሞ! የአባትሽ መከበር ከፋሽ?»

ቅዳሜ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ነጭ ጋቢዬን ደርቤ አዳራሹ መሐል ጉብ አልኩ። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ደመቀች በቁጣ ጀመሩ። «ከሰፈር ሰው ለምነው 'አባቴ ነው' እያሉ የሚያመጡ ልጆች አሉ። ከእንግዲህ የተደረሰበት ይባረራል!»

«እሰይ! ይባረር!» ብዬ ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ። ምን ዓይነት አባት ቢኖራቸው ነው ጎበዝ?

ከዚያ መምህርቷ ፈገግ አሉ። «የሔራን አባት ግን በየወሩ ይመጣሉ። ሰሌዳው አይታያትም ብለው ፊት ወንበር ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው።» እኔ እኮ ደብተሯ ላይ ስትደፋ «እንቅልፋም» እያልኩ ስቆጣት ነው የኖርኩት። «የሔራን አባት፣ ይምጡ!»

ብድግ አልኩ። ከፊት ረድፍም አንድ ሰው ብድግ አለ፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አንዳርጌ፣ ሜትሩ እንኳ ካንገቱ ሳይወርድ። ሲያየኝ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው።

መምህርቷ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?»

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ሔራንን አየኋት፤ በሩ ሥር ቆማ ከንፈሯን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። «ይባረር» ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

«እኔ... ጎረቤት ነኝ» አልኩ። «ላጨበጭብላቸው ነው የመጣሁት።»

አንዳርጌ የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

መምህርት ደመቀች በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «አያችሁ ወላጆች? ጎረቤት እንኳ ሥራውን ትቶ ይመጣል! እንዲህ ያለ ሰው የራሱን ልጅማ እንዴት ይከታተል ይሆን!»