ማዕረግ ያልጨረሰችው ምክር

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የኮኪት ከተማዋ ጠላ ሻጭ ማዕረግ ግን በሽታዋንም መድኃኒቷንም ደብቃ ዓመታት ኖራለች። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ እንዳለ ቢሰማ ጠላዋን ማን ይቀምስላታል? ለአንድ ልጇ ለስርጉት እንኳ ትንፍሽ አላለችም። መድኃኒቷን የምትወስደው መተማ ዮሐንስ ድረስ ሄዳ ነው፤ የሚያውቃት ሰው እንዳያያት።

አንድ ቀን የፈራችው ደረሰ። ከዚያው የመድኃኒት ወረፋ ላይ ስርጉትን ያጨው የትራክተር ሹፌር ደረበ ቆሟል። ተያዩ፤ ሁለቱም አቀረቀሩ። ደረበ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ክረምት ሲገባ ሰሊጥ እርሻ ሊያርስ በረሃ ይወርዳል፤ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ መድኃኒቱም ይቋረጥበታል፤ ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ ወደ ሚስቱ ሊተላለፍ ይችላል።

ሠርጉን ታፍርሰው? «በምን አወቅሽ?» ብትባልስ? የራሷን ገመና ሳታወጣ የእሱን ማውጣት አልቻለችም። ጭንቅ ሲላት መድኃኒቷን የምትሰጣትን ነርስ ዝናሽን አማከረች። ዝናሽም የሴት ኮንዶም በርከት አድርጋ ሰጠቻት፤ ሴቲቱ ራሷ ቀደም ብላ የምታስገባው፣ በሁለቱም ጫፍ ቀለበት ያለው ስስ ከረጢት ነው። እርግዝናንም በሽታንም ይከላከላል።

«እውነቱን ግን ይንገሯት፣ እትየ ማዕረግ» አለቻት።

ማዕረግ «እሽ» ብላ ወጣች። የአልጋ ነገር ለልጅ ማውራት ነውር ነው ብላ ያደገች ሴት፣ ከሙሽራዋ ልብስ መሐል ሸጎጠችላትና «ቶሎ እንዳትወልጂ ነው» አለቻት። የቀረውን ዋጠችው።

ስርጉት ታዛዥ ናት፤ ክረምቱን ሙሉ፣ ደረበ በእግሩ ለአንድ ሌሊት ብቅ ባለ ቁጥር፣ የተባለችውን አደረገች። ሰሊጡ ታጭዶ ደረበ ጠቅልሎ ሲመለስ ግን አማቶቿ «ኧረ ልጅ!» ማለት ጀመሩ። እሷም ልጅ አማራት፤ ኮንዶሙን ተወችው።

ማርገዟንም ማዕረግ ሰማች። ብዙም ሳይቆይ ስርጉት ለእርግዝና ክትትል ሄዳ ስትመለስ እናቷ በር ላይ ቆመች።

«እማየ፣ ቫይረሱ ተገኘብኝ። መድኃኒት ጀምረውልኛል፤ ልጁ ይተርፋል ብለውኛል።»

ማዕረግ እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

«እርግዝና መከላከያ ነው አልሽኝ፤ ልጅ ስፈልግ ተውሁት። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም ልጄ። ያጠፋሁስ እኔ።»

«ደረበን ለምን ደበቅኸኝ ብየ አፋጠጥሁት። ምን አለኝ መሰለሽ?» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «‹እናትሽ ከወረፋው ላይ አይታኛለች፤ ያን ነገር ሰጥታ ስትልክሽ ነግራሻለች ብየ ነው። ስትተይውም፣ በሽታየን አውቀሽ ልትወልጅልኝ የቆረጥሽ መስሎኝ፣ እንዲህም የሚወደኝ ሰው አለ ብየ አለቀስሁ› አለኝ።»