የዋቅቶላ ሆድ ተቃውሞ

ዋቅቶላ የላፍቶ ግንበኛ ነበር። አንጀቱ ተጠማዞ ሊሞት ሲል ሐኪሞች ሆዱን ከፍተው አተረፉትና የአንጀቱን ጫፍ በግራ ጎኑ አወጡለት። ከዚያ ወዲህ ዓይነ ምድሩ የሚወርደው ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ ነው። ነርሷ ገዲሴ ስታሰናብተው፣ «የወጣው የአንጀት ጫፍ እያደር እየሟሸሸ ያንሳል። ጫፉ የሚገባበትን የከረጢቱንም ቀዳዳ እያየህ በልኩ አጥብበህ ቁረጥ» ብላው ነበር።

ያቺ «እያየህ» ያለችው ነገር አልሆነችለትም። ፎቅ ጫፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ የሚያቀብል ሰው የገዛ ሆዱን ማየት ፈራ። ዓይኑን ጨፍኖ በግምት ይቆርጣል፣ በግምት ይለጥፋል። ቀዳዳው ሰፊ ነውና የሚወርደው ሁሉ ቆዳው ላይ ይተኛል። ቆዳው ተላጠ፤ ሚጥሚጣ እንደነሰነሱበት ይለበልበው ጀመር። ሚስቱ ሸጊቱ «ላግዝህ» ስትለው ጀርባውን ይሰጣታል።

አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። መቅረት የማይታሰብ ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ አምሐ ስለ ጽዳት ዘመቻ ሲያብራሩ ቆዩና «ተቃውሞ ያለው?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ጡርርር» አለ የዋቅቶላ ሆድ።

አምሐ መነጽራቸውን አወለቁ። «እደግማለሁ። ተቃውሞ ያለው?»

«ጡርርርር።»

ዋቅቶላ ተነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔስ እደግፋለሁ። ሆዴ ነው።»

«ሆድህ ካንተ የተለየ አቋም አለው?»

«ኧረ የለውም! ብቻ አያማክረኝም።»

ጸሐፊው ሆድ በድምፅ ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀ። አንዱ «ሆድ ነዋሪ አይደለም» ሲል፣ ሌላው «ታዲያ ስኳር የሚታደለው ለማን ነው?» ብሎ ተሟገተ። አምሐ ማስረጃ ይቅረብ አሉ። ዋቅቶላ ፊቱን ወደ ጣሪያው አንጋጦ ሸሚዙን ገለጠ። የከረጢቱ ጠርዝ ተላቆ፣ ከሥሩ ቆዳው እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልቶ ታየ።

«ውይ!» አለ ሕዝቡ። የጽዳት ዘመቻው እዚያው ተረሳ። ቅቤ ይቀባ የሚለው በዛ፤ የእንቁላል ነጭ የሚልም አልጠፋ። አምሐ አጥኚ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ቅቤ ነጋዴ ነው።

ሸጊቱ ብድግ አለች። «ምንም አይቀባም! ቅባት ካለበት ከረጢቱ አይጣበቅም ተብለናል። አንተስ ሰውዬ፣ ቀበሌው በሙሉ አይቶት አንተ ብቻ ሳታየው ትቀራለህ?»

ዋቅቶላ ቀስ ብሎ አንገቱን ደፋ። በተላቀቀው ጠርዝ ሥር የሕፃን ምላስ የምታህል፣ ቀይና ርጥብ የአንጀት ጫፍ ቁጭ ብላለች።

«እቺን ነው እንዴ?» አለ።

ቤት ሲገቡ ለብ ባለ ውኃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ሸጊቱ በካርቶን ልኩን ወሰደች። አዲሱን ቀዳዳ ራሱ ዓይኑን ገልጦ ቆረጠው። ማቃጠሉ እያደር ቀነሰ፤ ቆዳውም ጠገገ።

ሰንበት ብሎ አንድ ማለዳ አምሐ ብቻቸውን መጡ። በሩን ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወንድሜንም ሐኪሞች እንዳንተው አድርገውታል። ቆዳው አልቋል፤ ለማንም አላሳይም ይላል። እንዴት ነው የምትለካው?»

ዋቅቶላ ሳይጠየቅ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ። «ጠጋ ይበሉ ጓድ ሊቀመንበር» አላቸው፤ «አትናከስም።»