ያልተሰካች ጊታር

«ያቺንም ደብቂያት» አለች የሺአረግ፣ ቴሌቪዥኑን በጥቁር ነጠላ ጀቡና ስትጨርስ።

«የቷን?» አለች ሄሊና፣ እያወቀች።

«ያቺን ጊታር ነዋ! በለቅሶ ቤት የዘፈን ዕቃ ተገትሮ ሲታይ ሰው ምን ይላል?»

የሺአረግ የሄሊና እናት ታላቅ እህት ናት። ከቀብር መልስ ጀምሮ ቤቱን በቁጥጥሯ ሥር አድርጋዋለች። ሬዲዮኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ የሚደውለውን የግድግዳ ሰዓት ባትሪ አውጥታ ጡቷ ሥር ወትፋዋለች። ኤሌክትሪክ ጊታር ካልተሰካ ድምፁ እዚያው ተጫዋቹ ጭን ላይ እንደሚቀር ለእሷ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። ሄሊና ጊታሯን በአንገቷ አንጠልጥላ መኝታ ቤት ገባችና ከአባቷ አልጋ ጀርባ አቆመቻት።

ከታች፣ በሁለቱ ብሎኮች መካከል በተተከለው የዕድር ድንኳን፣ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ። ሟቹን፣ የሄሊናን አባት ደቻሳን፣ በቅጡ የሚያውቀው የለም። ሁሉም ከየሰፈሩ ተነቅሎ ትናንት እርሻ የነበረ መሬት ላይ የሰፈረ ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ ገብቶም የሚያወራው ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ቤት ኪራይ ነው። አንዱማ ሬሳው ገና በወጣበት ቀን «አራተኛ ፎቅ ስንት ያወጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ሄሊና በጆሮዋ ሰምታዋለች። ፎቁ ላይ ያሉት ሴቶች ደግሞ ከወንዶቹ አይሻሉም። ንፍሮውን በእጃቸው ይዘው ይንሾካሾካሉ።

«ምን ነበር ሥራው?»

«ሙዚቀኛ ነበር አሉ። አቁሞ ነበር።»

«የት ያቆማል! ጣሉት እንጂ። ሰው ሲተፋው ቤቱ ተከተተ።»

ሄሊና ተነሥታ «አላቆመም!» ማለት ፈለገች። ግን ማን ይመሰክርላታል? እሷ ራሷ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

ደቻሳ ወሎ ሰፈር ካለ ሆቴል ባንድ ውስጥ ሃያ ዓመት ጊታር ተጫውቷል። ቁመቱ አጭር፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ሰው ሲያይ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ሰው ነበር፤ ከእሱ የሚረዝሙትንም ጭምር። የወደደውን ነገር አያመሰግንም። የናቀውን ደግሞ አይሰድብም፣ «ደህና ነው» ይለዋል። በዚያች በአንዲት ቃል ስንቱን ዘፋኝ አፈር አስግጧል። ሆቴሉ ፈርሶ በመስታወት ሲሠራ አዲሶቹ ባለቤቶች ባንዱን በተኑት፤ የቀረው ቶሎሳ ብቻ ነበር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ። የቶሎሳ ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ራሱ ይመታል። ደቻሳ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን» ነበር የሚለው። «ቁልፉን ተጭነህ ቁጭ ትላለህ፤ ዘፈኑን አጥቦ ያወጣልሃል።»

ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ ደረሳቸው። ዕቃ የጫነው አይሱዙ አንድ ጉድጓድ ሲዘል ቡፌው ተገልብጦ ሆቴል ይጫወትበት የነበረውን የቀይ ጊታሩን አንገት ሰበረው። ደቻሳ በተዋሰው ሌላ ጊታር አሮጌ አምፕሊፋየሩን ከፍቶ ገና ሳምንት ሳይጫወት የብሎኩ ኮሚቴ በሩን አንኳኳ። ሕፃን አላስተኛ ብሏል፣ ጸሎት አላስጸልይ ብሏል። በሩን ዘጋባቸውና መጫወት ተወ። ዝምታው ወራት ፈጀ።

ሄሊና ቦሌ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ቆርጣ ታቀናብራለች። አንድ ቀን በፍላሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይዛ መጣች፤ ጊታሩን ከኮምፒውተሩ ጋር ስታገናኘው የአምፕሊፋየርን ድምፅ ራሱን አስመስሎ የሚያወጣ፣ በሄድፎን ብቻ የሚሰማ።

«አምፕሊፋየር በኮምፒውተር?» አለ አባቷ። «ነገ ደግሞ ጠጅ በፍላሽ አምጪልኝ።»

ሄድፎኑን ግን ጆሮው ላይ ደፋችበት፤ በፕሮግራሙ የተቀዳ አንድ ናሙና አሰማችው። እስከ መጨረሻው ሰማው። «ደህና ነው» አላለም። ጫማውን ፈለገ።

«ርካሽ ጊታር እንፈልግ» አለ።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ በረንዳው ሁሉ በመስታወት በተለበጠ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር ሱቁ። ሻጩ ማስቲካ የሚያላምጥ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጊታር አወረደ።

«አባባ፣ ይሄ የሮክ ነው። ልሰካልዎት?»

«አትሰካው።»

«ሳይሰካ በምን ይሰማል?»

ደቻሳ ጊታሩን እንደ ጣውላ ወደ ዓይኑ አንሥቶ በአንገቱ ርዝመት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። «ጠማማ» ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን አንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች፣ በየፍሬቱ፣ ተጫነና ሽቦው የሚንጫጫበትን ቦታ በጣቱ አሳየ። የሦስተኛውን ጊታር ሽቦ ጎትቶ ለቀቀው፤ ቅኝቱ ወረደ። ጎረምሳው ያንን ሁሉ ከማውረድና ከመስቀል ብዛት ላብ በላብ ሆነ።

«አባባ፣ በኮምፒውተር ከሆነ እኮ ሁሉም አንድ ነው። ድምፁን ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል።»

«ድምፁን ያስተካክላል። አንገቱን ማን ያስተካክልልኛል፣ አንተ?»

ከጥግ፣ ከካርቶን ጀርባ አንዲት አረንጓዴ ጊታር አየ። የጤና ጣቢያ ግድግዳ ቀለም፣ የሚያስጠላ። ዓይቶ ተጫናት፣ ጎትቶ ለቀቃት። ከዚያ ሄሊናን ያሳፈረ ነገር አደረገ፤ አገጩን ከአንገቷ ሥር ወጣ ባለው የጊታሯ ቀንድ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነና በአውራ ጣቱ ከወፍራሙ ሽቦ እስከ ቀጭኑ አንድ በአንድ መታ። ጎረምሳው ሳቁን በመዳፉ ያዘ። በመጨረሻ ደቻሳ ሄሊና የተሸከመችውን ላፕቶፕ አስከፈተና ሰካት፣ እጁን ከሽቦው አንሥቶ አዳመጠ። ኤሌክትሪኩ ሲገባባት አታጉረመርምም።

«ይቺን» አለ።

«እሷን እንኳ ማንም አይፈልጋትም» አለ ጎረምሳው።

«የሚፈለጉትንማ አየኋቸው።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል። ሄሊና ፈቃድ ባላት ቀን «ትንሽ አሰማኝ» ስትለው «እጄ ሲመለስ» ይላታል። «እንቅዳው» ስትለው «የሠርግ ቪዲዮ ልታደርጊኝ ነው?» ይላል። እጁ ተመለሰ አልተመለሰ ሳታውቅ፣ አንድ ማለዳ ልቡ ቀጥ አለች።

በሠልስቱ ቀን ቶሎሳ መጣ። አሁን ቦሌ ላይ ላውንጅ ከፍቷል። ሾፌሩ ውሃ በካርቶን ተሸክሞ ፊት ፊት ይወጣል፣ እሱ ሊፍት የሌለውን አራት ፎቅ እያለከለከ ይከተላል። ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ከንፈሩን መጠጠ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት ደረቱን ነፍቶ ንግግር ጀመረ።

«ጋሽ ደቻሳ ትልቅ ሰው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ኮምፒውተር ሲመጣ አኮረፈ። ዘመን አለፈው።»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አባዬ በኮምፒውተር ነበር የሚጫወተው» አለች ሄሊና።

ቶሎሳ ለሕፃን እንደሚሳቅ ሳቀላት። «ይሁን የኔ እህት፣ እግዜር ያጽናሽ። እትዬ እልፍነሽ» አለና ወደ እናቷ ዞረ፤ «ጊታሩን ይስጡኝ። ላውንጄ ግድግዳ ላይ ከነፎቶው እሰቅለዋለሁ። ሰው እየበላ እየጠጣ ያስታውሰዋል።»

«ክብር ነው!» አለች የሺአረግ፤ በዘፈን ዕቃ ያፈረችው ሴትዮ ባንድ አፍታ ኮራች። «ሂጂ አምጪ፣ ሄሊና!»

ሄሊና እናቷን አየች። እልፍነሽ ፍራሹ ላይ እንዳቀረቀረች ናት። ሄሊና ገብታ ጊታሯን አወጣቻት። አባቷ በርካሽ ዊስኪና በተጠበሰ ሥጋ ሽታ መካከል ሊሰቀል ነው፤ በዚያ ላይ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ በላይ።

ቶሎሳ መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀ።

«ምንድን ናት ይቺ? ቀዩስ?»

«ተሰብሯል።»

«አይ!» እጁን እንኳ አልዘረጋም። «ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት። ለእሱም ስም አትሆንም። በቃ፣ ፎቶው ይበቃል።» ስልኩን አውጥቶ ጥቁር ጨርቅ የለበሰውን የሟች ፎቶ ከነክፈፉ በካሜራው አነሣና ደረጃውን እያማረረ ወረደ። የ«መጫወቻዋን» አንገት በዓይኑ እንኳ ሳያይ ጊታር አዋቂ! ሄሊና ደስ ይበላት ወይስ ትናደድ ጠፋት። ጊታሯን አቅፋ እንደቆመች አለቀሰች፤ ሴቶቹ ወጉ ነው ብለው አብረዋት አለቀሱ።

ድንኳኑ በተነሣ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ የሺአረግ የዕድሩን ድስቶች ልታስረክብ ወረደች። ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

«አሁን ነበር የሚጀምረው» አለች እልፍነሽ።

ሄሊና ቀና አለች። «ሰምተሽው ታውቂያለሽ እማዬ? ሄድፎኑን ይሰጥሽ ነበር?»

«ለማን ይሰጣል እሱ! ሽንኩርት እየከተፍኩ ጀርባዬን ለመኝታ ቤቱ ግድግዳ እሰጣለሁ። ሽቦው ብቻውን ኪንኪን ይላል። ቢላዋዬን አስቀምጬ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ይደናቀፍ ነበር፣ ኋላ ግን… ሆቴል ሳለም እንደዚያ አልተጫወተም።»

«እጁ ተመልሶ ነበር?»

«ከተመለሰ ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ ለምን አላሰማኝም?»

እልፍነሽ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ፈርቶሽ ነዋ። ‹ሰምታ ደህና ነው ብትለኝስ?› ይል ነበር።»

ሰው ሁሉ የሚፈራው አባቷ እሷን ፈርቶ ኖሯል። ሄሊና መኝታ ቤት ገብታ ጊታሯን አወጣች፣ ላፕቶፑንም ጨምራ አቀፈች።

«ኮምፒውተሩን ተዪው» አለች እናቷ። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። አገጭሽን እዚህ፣ የተላጠው ላይ።»

ሄሊና ፍራሹ ላይ ቁጭ አለችና፣ ያኔ ሱቁ ውስጥ ባፈረችበት ቦታ፣ በአረንጓዴዋ ቀንድ ላይ አገጯን አሳረፈች። ቀለሙ አባቷ ባሳረፈበት ሥፍራ ተልጦ እንጨቱ ለስልሷል። እልፍነሽ በአውራ ጣቷ፣ ሽንኩርት ባጠቆረው፣ ከወፍራሙ ጀምራ መታች። ድምፁ በሄሊና ጥርስ ገብቶ ራስ ቅሏን ሞላው። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ስድስቱም እሱ የቃኛቸው ቦታ ላይ ነበሩ፤ አንዱም አልወረደም።

ደረጃው ላይ የየሺአረግ እርምጃ ከባዶ ድስት ኳኳታ ጋር ተሰማ። ሄሊና አገጯን ልታነሣ ስትል እናቷ ማጅራቷን በመዳፏ ያዝ አደረገቻት። ከዚያ ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ልጇንም ጊታሯንም አንድ ላይ ሸፈነቻቸውና፣ ወፍራሙን ሽቦ ደግማ መታችው።