ከዳቦ ቤቱ ወለል ስር

ከደርንፎርድ መሬት አንዲት ፍንጣሪ ወርቅ ወጥታ አታውቅም። ወርቁ የነበረው ከተራራው ማዶ ነው። የዊኒ ትሬጌንዛ ቅድመ አያት ጀሚማ ወንዙ ዳር የጡብ ምድጃ ሠርታ ለሚያልፉት ቆፋሪዎች ዳቦ ስትሸጥ፣ ከተማዋ በምድጃው ዙሪያ በቀለች። ግን ዳቦ ማንን ያኮራል? ሰዉ መቶ ስልሳ ዓመት ሙሉ "እኛ የወርቅ አግኚ ልጆች" እያለ ሲኮፈስ ኖረ። ላም አለኝ በሰማይ!

አሁን ደግሞ የከተማዋ ምሥረታ በዓል ኮሚቴ ሊቀመንበር ሌስ ካርሞዲ፣ ዊኒ እስከ ዛሬ የምትጋግርበትን የጀሚማን ዳቦ ቤት ከነምድጃው አፍርሶ በቦታው የሲሚንቶ ወርቅ ቆፋሪ ሊያቆም ተነሳ። የሐውልቱ ፊት፣ መቼም አጋጣሚ ነው፣ የሌስን ቅድመ አያት ይመስላል። ዊኒን አንገበገባት። ከጀሚማ የቀረ ሌላ ነገር የለም፤ መቃብሯን እንኳ ጎርፍ ወስዶታል።

በዚያ አገር አሮጌ ቤት ከመፍረሱ በፊት ከወለሉ ስር ያለው አፈር በወንፊት ይነፋል፤ ከቆፋሪዎች ከረጢት በሳንቃው ስንጥቅ የረገፈ የወርቅ ብናኝ አይጠፋም ይባላል። ሌስም ኮሚቴውን ሰብስቦ ሳንቃውን አስነሳና በአራት እግሩ እየዳኸ ሲነፋ ዋለ። የአይጥ አጥንት አገኘ፤ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘ።

"ቢጫ!" ብሎ ጮኸ በመጨረሻ።

የናስ መመዘኛ ነበር፤ ሚዛን ላይ የሚጫን ክብደት። ዊኒ ተቀብላው የተቀረጸውን አነበበች፦ "ካርሞዲ፣ ወርቅ ገዢ። አሥር ወቄት።"

"ገዢ? አግኚ አልነበር እንዴ የምትለን?"

"ያው ነው ባክሽ! ይቺን ጥግ ተከራይቶ ይገዛም ነበር።"

ዊኒ መመዘኛውን በዳቦ ሚዛኗ ላይ አስቀመጠችው። አሥራ ሁለት ወቄት ተኩል መዘነ። ገልብጣ ብታየው ሆዱ ተቦርቡሮ እርሳስ ተጠቅጥቆበታል።

"ውይ ሌስዬ፣ ይቅር በለኝ! ቅድመ አያትህ ለካ እውነትም ወርቅ አግኝተዋል። እዚቹ ጥግ፣ የአሥር ወቄት እየከፈሉ አሥራ ሁለት ተኩል እየወሰዱ፣ ጫማቸው ጭቃ ሳይነካው!"

ኮሚቴው በሳቅ ፍርስ አለ። ዳቦ ቤቱ እንዳይፈርስም እዚያው ወሰነ። በማግስቱ ሳንቃው ተመለሰ፤ የሲሚንቶው ቆፋሪም ከሕዝብ መጸዳጃው ጎን ቆመ።

በበዓሉ ቀን ዊኒ የጀሚማን ምድጃ አንድዳ ዳቦ በሚዛን ሸጠች። የሌስ ተራ ሲደርስ ያንን የናስ መመዘኛ ከኪሷ አወጣች።

"በዚህ ነው እንዴ የምትመዝኚልኝ?" አለ ሌስ በሹክሹክታ።

"ታዲያሳ! የአባቶችህን ድርሻ ላጉድልብህ እንዴ?"

ከኋላው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ሌስ ሁለት ወቄት ተኩል ትርፍ ያለውን ዳቦ ታቅፎ ሄደ።