የሰውዳ ካሳ

የሱፍ ከኤርፖርት መንገደኛ እያመላለሰ የሚኖር ሰው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ ሳን ሊያንድሮ ካለው አፓርታማው ማልዶ ይወጣና በመሥሪያ ቤቱ ቫን አንዱን ሌክ ሜሪት፣ ሌላውን ኩፐርቲኖ ሲያደርስ ይውላል። እንግሊዝኛ የተማረው ከቫኑ ሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮው ደግሞ ከቤዝቦል ሌላ ወሬ አልነበረውም። ስለዚህ አሜሪካ በገባ በዓመቱ ከቤት አከራዩ ጋር በቅጡ መነጋገር ሳይችል፣ የኦክላንዱ ቤዝቦል ቡድን ኤይስ ለምን አንድ ኳስ ወርዋሪ እንደሚጎድለው ግን ሰው ይዞ ያስረዳ ነበር። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የመጣበት በኋላ ነው። አንድ መንገደኛ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ኮፍያውን ቫኑ ውስጥ ረስቶ ወረደ፤ የሱፍ ሲሞክረው ልኩ ሆነ፤ በዚያው የካንሳስ ደጋፊ ሆኖ ቀረ። ካንሳስ የት ናት ቢባል ዛሬም በእጁ ወደ ምሥራቅ ከማመልከት በቀር መልስ የለውም።

ጉዱ ግን ጨዋታ መውደዱ አይደለም፤ ጨዋታ የሚወድ ሰው ሞልቷል። የሱፍ የሚወደው መጠበቁን ነው። ገና በጥር እንቅልፍ ያጣል። በየካቲት ወርዋሪዎችና ቀላቢዎች አሪዞና ገብተው ልምምድ ጀመሩ የተባለ ቀን ገላውን ታጥቦ አዲስ ሸሚዝ ይለብሳል። እዚያ የሚደረጉት ግጥሚያዎች ለማሟሟቂያ ያህል ናቸው፣ ውጤታቸውን ቁም ነገር ብሎ የሚይዝ የለም፤ እሱ ይይዛል። መጋቢት ሲገባማ አያድርስ ነው። የኮሌጆቹ ውድድር ደርሷል፣ ኤይስ ሊጀምር ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ ሰውየው እህል እንኳ ቁጭ ብሎ አይበላም።

ባለቤቱ ሰውዳ ይህን ሁሉ ዓመት ችላ ኖራለች። አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ እናቷ ስለታመሙ ደሴ ሄደች፤ ሦስት ወር አስታማቸው ዳኑላት፤ መጋቢት በገባ በመጀመሪያው እሁድ ሳን ፍራንሲስኮ እንደምታርፍ ደውላ ነገረችው። የሱፍ በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው እሁዱ ትዝ ያለው። ያ እሁድ ለኮሌጆቹ ውድድር ያለፉት ቡድኖች ስማቸው የሚነበብበት፣ ማን ከማን እንደሚገጥም የሚታወቅበት ነበር።

ሲያስብ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና ጓደኛው ኸድር እንዲቀበልለት ለመነ። ቫኑ ተበላሽቶበት ነው በላት አለው። ኸድር ደግ ሰው ነው፣ ታክሲም ጥሩ ይነዳል፣ ውሸት ግን አይሆንለትም። ሰውዳ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እንኳ ሳታስር የሱፍ ደህና ነው ወይ ብትለው፣ ደህና ነው፣ ስም እየተነበበ ስለሆነ ነው አላት።

ቤት ስትደርስ የሱፍ ኮፍያውን አድርጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ነበር። ብድግ ብሎ አቀፋት፤ ዓይኑ ግን በትከሻዋ ላይ አልፎ ወደ ስክሪኑ ሾለከ።  ሰውዳ ሻንጣዋን ሳትፈታ አደረችና በነጋታው ሳን ሆዜ፣ እህቷ ራውዳ ዘንድ ሄደች።

የሱፍ ሁለት ቀን ያኮረፈች መስሎት ጠበቀ። ሲደውል አታነሳም። ካንሳስ ገና በሁለተኛው ዙር ተሸንፎ ሲወጣ የሚያዝንለት ሰው ቤት ውስጥ ቢፈልግ አጣ። ሳምንት አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ፣ ሰውዳ በራውዳ በኩል ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ካሳ ካልካሰኝ አልመለስም ብላ ላከች። ሽማግሌውም ሐጂ አብዱልመናን እንዲሆኑ መረጠች። ሐጂ ሳን ሆዜ ውስጥ የሐላል ሥጋ ቤት ያላቸው፣ የስንቱን ትዳር የጠገኑ፣ ሲቆጡ ሥጋ መቁረጫቸውን የማያስቀምጡ ሰው ናቸው።

ቀኑ ሰኞ ማታ ሆነ።  በዚያ ዓመት የኮሌጆቹ ፍጻሜና የኤይስ የመክፈቻ ጨዋታ በአንድ ምሽት ውለው ነበር፤ የሱፍም ያን ሰኞ ከጥር ጀምሮ እንደ ሁለት ዒድ ሲጠብቀው ነው የከረመው። ማክሰኞ ቢሆንስ ብሎ ሐጂን ጠየቀ። ሰኞ ምን አለብህ አሉት። ምንም የለብኝም አለ። ሰውዳ ቀኑን የመረጠችው የቀን መቁጠሪያ ላይ አፍጥጣ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ያን ሰኞ አታጣውም።

የሱፍ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከኸድር ጋር መከሩ። ኸድር ስልኩን ጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጣል፤ አንደኛው ቡድን ከመራ የቀኝ ጢሙን፣ ሌላው ከመራ የግራ ጢሙን ያሻሻል። ኤይስ ነጥብ ካስቆጠረ ያስላል።

ራውዳ ሳሎን ተቀመጡ። ሐጂ ዱዓ አድርገው ስለ ትዳር ረጅም ምክር ጀመሩ። የሱፍ አንገቱን ደፍቶ፣ በዓይኑ ጥግ የኸድርን አገጭ እየጠበቀ፣ እውነት ነው ሐጂ፣ ልክ ነዎት ሐጂ ይላል። ፍጻሜው ተጀመረ። ኸድር ቀኙን አሸ፤ ግራውን አሸ፤ መልሶ ቀኙን። ጨዋታው አንገት ለአንገት ነበርና ምስኪኑ ሰውዬ ጢሙ እስኪቀላ አሻሸ።

ሰውዳ ስታየው ቆይታ፣ "ኸድር፣ ስንት ለስንት ነው?" አለችው።

ኸድር እንደ ልማዱ ነገራት።

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። የሁለቱንም ስልክ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ፤ የሱፍንም፣ አንተ ሰው ሚስትህ ልትፈታህ ነው እኮ፣ ገብቶሃል ወይ አሉት። የሱፍ ያኔ ቀና ብሎ ሰውዳን አያት። ከስታለች። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር፤ የነበረው ድካም ነው። ሐጂ ካሳሽን ተናገሪ አሏት።

"ሐጂ፣ ኳስ አየብኝ ብዬ አልከሰስኩትም፤ ይየው። ሦስት ወር እናቴ እግር ሥር ተቀምጬ፣ ከኤርፖርቱ በር ስወጣ እንዴት አድርጎ እንደሚያየኝ ሳስብ ነው የከረምኩት። የሰው ባል ሁሉ ፊኛ ይዞ ቆሟል። የእኔ ባል ሥራው ኤርፖርት ነው፣ እኔን የሚቀበል ጠፋ። ጌም ቢሆን እሺ እላለሁ። ስም ሲነበብ ለመስማት ነው የተወኝ። ስሙን እንኳ ለማያውቀው ልጅ ከጥር ጀምሮ ይጠብቃል፤ እኔን አንድ ቀን እንደዚያ ይጠብቀኝ። ካሳዬ ይኸው ነው። አሁን ኤርፖርት ሄዶ የወረድኩበት በር ላይ ይቁም። ስልኩ እርስዎ ጋ ይሁን። እኔ ደስ ባለኝ ሰዓት እመጣለሁ።"

 ሐጂ ተገቢ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱ መፈጸሙን ለማየት እሳቸውም ኸድር ታክሲ ውስጥ ገቡ።

የሱፍ በሩ ፊት ቆመ። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን እንናገር፣ የሚያስበው ስለ ኤይስ ነበር። ማን ጀምሮ ወረወረ? ስንተኛው ዙር ላይ ደረሱ? በሩ ተከፈተ፤ አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ወጡ። ተከፈተ፤ ተማሪዎች። እንደገና ተከፈተ፤ አንድ ሰው ልጁን ከመሬት አንስቶ አሽከረከረ። የሱፍ ያን ሰው እያየ፣ ሰውዳ በዚህ በር ወጥታ ፊቶቹን አንድ በአንድ ስትፈልግ ታየችው፤ ከዚያ ኸድርን ስታገኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ልቡ ቀጥ ይል ጀመር። ባትመጣስ? ራውዳ ይቅርብሽ ብላት ቢሆንስ? የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፤ መልሶ አስተካከለ። ከላይ ካለው ምግብ ቤት የሰው ጩኸት ፈነዳ። የሱፍ ዞር አላለም። ዞር ያሉት ሐጂ ናቸው፤ ማን አገባ ብለው ኸድርን በሹክሹክታ ጠየቁ፤ ስልኩ እርስዎ ኪስ ነው አላቸው።

እግሩ ሲዝል፣ በሩም ከተከፈተ ቆይቶ ሳለ፣ ከኋላው ሻንጣ ሲንኳኳ ሰማ። ሰውዳ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ከላይ ወርዳ መጣች። ምግብ ቤቱ ውስጥ ከራውዳ ጋር ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣ፣ ድንች ጥብስ እየበላች፣ ከታች በሩ ፊት የቆመውን ባሏንና ፍጻሜውን እያፈራረቀች ስታይ ነው ያመሸችው።

 የሱፍ አቀፋት፤ ዓይኑን ጨፈነ።

"የምትመጪ አልመሰለኝም" አላት።

"አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ላይ ብታይ ኖሮ ወደ ራውዳ ቤት እመለስ ነበር" አለችው።

ራውዳ በራሷ መኪና ወደ ሳን ሆዜ ተመለሰች፤ ኸድር እየነዳ፣ ሐጂ ከፊት ከጎኑ፣ ባልና ሚስቱ ከኋላ ሆነው ወደ ሳን ሊያንድሮ ተጓዙ። ሰውዳ ባሕሩን የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ሲደርሱ፣ ማን እንዳሸነፈ አትጠይቀኝም ወይ አለችው። የሱፍ አልጠይቅም ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጥሩ፣ ነገ እነግርሃለሁ፣ እስከዚያ ጠብቅ አለች። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ፍርዱ እኔን አይመለከትም መሰለኝ አሉ። ሰውዳ ሳቀች፤ ስልኳን ከፍታ አሻግራ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ሱብሃነላህ አሉ፣ ለኸድርም አሳዩት። የሱፍ የሰውዳን እጅ ይዞ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።